የፕሮግራመር ድካም ስንት ያወጣል?

ላፕቶፕ ፎርማት የሚያደርግ ባለሙያ የእጁን ይቀበላል። ዊንዶውሱ፣ ኦፊሱና የሒሳብ ፕሮግራሙ ግን ከፍላሽ ላይ አብረው ይጫናሉ፤ ዋጋ የላቸውም። ለጫነው ተከፍሎ ለሠራው አለመከፈሉን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ደግሞስ ማን ተጎዳ? የሠራው ሰው ፕሮግራሙ ከእጁ አልወጣበትም።

ይህ ክርክር ከግል ኮምፒውተር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ቢል ጌትስና ፖል አለን አልቴር የተባለው ኮምፒውተር ቤዚክ በሚባለው ቋንቋ እንዲታዘዝ የሚያደርግ ሶፍትዌር ጻፉ። ያኔ ሶፍትዌር ከሚቀመጥባቸው ነገሮች አንዱ የተበሳሳ የወረቀት ጥቅልል ነበር። አንዱ ጥቅልል ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተደረገ የማስተዋወቂያ ዝግጅት ላይ ተወሰደ፤ ተባዝቶም በኮምፒውተር ወዳጆች ክበብ ውስጥ በነፃ ታደለ። በዓመቱ የ20 ዓመቱ ጌትስ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ከአልቴር ባለቤቶች ቤዚክን የገዙት 10 በመቶ እንደማይሞሉ፣ የተገኘው ገንዘብም ለጠፋው ጊዜ ሲካፈል በሰዓት 2 ዶላር እንደማይደርስ ገለጸ።

እኔ ከደብዳቤው የምይዘው ሌላ ነጥብ ነው። የመጀመሪያው ሥራ የፈጀው ሁለት ወር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ሰዎች የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ መመሪያ ሲጽፉ፣ ሲያሻሽሉና አዲስ ነገር ሲጨምሩበት ከረሙ። ሶፍትዌር ማባዛት ምንም አያስወጣም። ገንዘቡ የሚያልቀው የመጀመሪያው ቅጂ እስኪደርስና ከዚያ ወዲያ ስሕተቱ ሲታረም ነው።

የገዢዎቹ ቅሬታም መሠረት ነበረው። ቤዚክ ለብቻው ሲገዛ 500 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ሳይገጣጠም ከዚያ ባነሰ ይገኝ ነበር። ቶም ፒትማን የተባለ ፕሮግራመር አነስ ያለ ቤዚክ ጽፎ በ5 ዶላር ሲያቀርብ ሰዎች ከፍለው ወሰዱት። ዋጋው ከአቅም ጋር ሲገናኝ ሰው ይከፍላል የሚል እምነቴ ከዚህ የመጣ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ሕጉ ግልጽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ይጠብቃል፤ መብቱን ሆነ ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ነገር ግን የውጭ ኩባንያን ሶፍትዌር መግዛት የፈለገ ሰው በዶላር የሚከፍልበት ካርድ ላይኖረው ይችላል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ችላ ሊባል አይገባም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የአገር ውስጡ ፕሮግራመር ነው። በአማርኛ የሚሠራ፣ የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር የሚያውቅ፣ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ጡረታ የሚያሰላ የደመወዝ ፕሮግራም ሠርቶ ገበያ ቢወጣ ተፎካካሪው ማን ነው? በሺህ ዶላር የሚሸጥ፣ ክራክ ተደርጎ (የፈቃድ መቆለፊያው ተሰብሮ) በነፃ የሚጫን የውጭ ሶፍትዌር። በነፃ ከሚገኝ ነገር ጋር በዋጋ መወዳደር አይቻልም።

በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። የደመወዝ ፕሮግራም ሁሉ ስሌቱ መቀየር ነበረበት። ከፍሎ የገዛ ድርጅት ለሠራው ሰው ደውሎ ያስተካክልለታል። ክራክ የጫነ የሒሳብ ሠራተኛ ግን በኤክሴል እየደመረ ያመሻል። ክራክ ሲጫን ብዙ ጊዜ ‹‹መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋው›› መባሉም አይረሳ፤ ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ የጫነውም ሰው አያውቅም።

መክፈል ያልቻለ ሰው ሕጋዊ መንገድ አለው። ሊብሬኦፊስና ኡቡንቱ ያለ ክፍያ የሚወርዱት ሠሪዎቻቸው ስለፈቀዱ ነው፤ የግዕዝ ፊደልም በሁለቱም ላይ ይሠራል። ፕሮግራም የሚያሠራ ድርጅት ደግሞ ከመግዣው ሌላ ዓመታዊ የጥገና ክፍያ በውሉ ያስገባ፤ ሕግ ሲቀየር ማስተካከያው በስንት ቀን እንደሚደርስም እዚያው ይጻፍ።