የወታደር ደመወዝ በእንግሊዝ አገር እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚወሰን

የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዙ ያነሰው እንደ ሆነ በማኅበሩ በኩል ይከራከራል፤ ክርክሩ ካልሰመረለትም ሥራ ያቆማል። ነጋዴ ትርፉ ቢቀንስበት ዋጋ ይጨምራል። ወታደር ግን ከነዚህ መንገዶች አንዱም አልተሰጠውም። ሥራ ቢያቆም ዐመፅ ይባልበታል፤ በፈለገው ቀን ትቶ ቢሄድ ከድቷል ተብሎ ይፈረድበታል። ቀጣሪውም አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም መንግሥት። እንግዲህ ሊጠይቅ ለማይችል ሰው ደመወዙን ማን ይጠይቅለታል? ከፋዩ መንግሥት ራሱ ከሆነስ ተገቢው መጠን ይህ ነው ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? መጥምቁ ዮሐንስ ወደ እርሱ የመጡትን ወታደሮች በደመወዛቸው እንዲረኩ እንደ መከራቸው በወንጌል እናነባለን፤ ደመወዙ እንዴት እንደሚወሰን ግን አልነገራቸውም፤ የእርሱም ጉዳይ አልነበረም።

ለምርመራችን የመረጥነው የእንግሊዝን አገር ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ይህ መንግሥት ለጥያቄው መልስ የሚሆን ሥርዐት ያቋቋመው በጥበብ ብቻ ሳይሆን ከደረሰበት ችግር ተምሮ ስለ ሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ከችግሮቹ ሁሉ የታወቀው በ1931 ዓ.ም. በሰሜን ስኮትላንድ በኢንቨርጎርደን ወደብ የሆነው ነው። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ አጠረው። አንድ ኮሚቴ ወጪ እንዲቀነስ መከረና በመስከረም ወር የመንግሥት ደመወዝተኞች ሁሉ ደመወዝ እንዲጐድል ታዘዘ። ለአብዛኛው ሰው የተቀነሰው ከመቶ ዐሥር ነበር። በባሕር ኃይሉ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በ1919 ዓ.ም. በወጣው ደንብ አንድ የሠለጠነ መርከበኛ በቀን አራት ሺሊንግ ይከፈለው ነበር። ከ1925 ዓ.ም. ወዲህ የተቀጠሩት ደግሞ ሦስት ሺሊንግ ብቻ ያገኙ ነበር። አሁን የቀድሞዎቹም ወደ አዲሶቹ ልክ እንዲወርዱ ተወሰነ። አንድ ሺሊንግ ከአራት ላይ ሲነሣ ከመቶ ሃያ አምስት መሆኑን ለማስላት ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። መኰንኖቹ ግን የተቀነሰባቸው ከመቶ ዐሥር ነው። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የተጐዳው ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ብዙ ዘመን ያገለገለው ተራ መርከበኛ ሆነ።

ይባስ ብሎ መርከበኞቹ ነገሩን የሰሙት ከአለቆቻቸው አይደለም። መርከቦቹ መስከረም 11 ቀን ወደቡ በገቡ ጊዜ በጋዜጣ አነበቡት። በሚቀጥሉት ቀኖች በኳስ ሜዳና በመጠጥ ቤት እየተሰበሰቡ ተማከሩ። መስከረም 15 ቀን ለልምምድ ውጡ ሲባሉ ሮድኒ፣ ቫሊያንት፣ ሁድና ኔልሰን በተባሉት ታላላቅ መርከቦች ላይ የነበሩት አንወጣም አሉ። ሁለት ቀን ያህል ቆየ፤ ደም አልፈሰሰም። መንግሥትም የሁሉም ቅነሳ ከመቶ ዐሥር እንዳይበልጥ ውሳኔውን ለወጠ። ይሁን እንጂ ወሬው በገንዘብ ገበያ ላይ ድንጋጤ ጣለ፤ መስከረም 21 ቀን የእንግሊዝ ፓውንድ ከወርቅ ጋራ የነበረው ግንኙነት ተቋረጠ። በእኛ አስተያየት ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ዋና ነገር የአንድ ሺሊንግ መጠን አይደለም። መርከበኛው ሺሊንጉ ከመነሣቱ በፊት አቤቱታውን የሚያሰማበት ቦታ አልነበረውም፤ ሚኒስትሮቹም ሃያ አምስትና ዐሥር እኩል አለመሆናቸውን የሚነግራቸው ሰው አላገኙም።

ይህ ነገር ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። በጥር ወር 1974 ዓ.ም. (በእኛ አቈጣጠር 1966) በነገሌ ቦረና የነበሩት ወታደሮች በምግብና በውሃ ምክንያት በአለቆቻቸው ላይ ተነሡ፤ እንዲያነጋግሯቸው የተላኩትን ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዘው ከራሳቸው ምግብ አበሏቸው። በየካቲት የደመወዝ ጥያቄ ወደ ደብረ ዘይትና ወደ አሥመራ ጦር ሰፈሮች ተላለፈ። ጭማሪ ተሰጠ፤ ሆኖም እንቅስቃሴው አልቆመም፤ በመስከረም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ለዚህ ሁሉ መነሻው ደመወዝ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። ግን አቤቱታ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ያሳያል።

ወደ እንግሊዝ እንመለስ። በ1958 ዓ.ም. በሰር ጄምስ ግሪግ የሚመራ ኮሚቴ የወታደር ደመወዝ በየሁለት ዓመቱ እንዲመረመርና ከሲቪል ሠራተኛው ገቢ ጋራ እንዲነጻጸር መከረ። ከዚያ በፊት የሚመረመረው መንግሥት ባሰበ ጊዜ፣ ይልቁንም ምልምል ባነሰ ጊዜ ነበር። ሁለተኛው ታላቅ ለውጥ በ1970 ዓ.ም. የወጣው የወታደር ደመወዝ ደንብ ነው። እስከዚያ ጊዜ ላላገባው ወታደር ቀለብና ማደሪያ በነፃ ይሰጠው፣ ላገባው ደግሞ የትዳር አበል ይከፈለው ነበር። በአገራችን በቀድሞው ዘመን ወታደር በማደሪያ መሬትና በቀለብ ይተዳደር እንደ ነበረ ያስታውሷል። ይህ ዐይነት አከፋፈል አንድ ጉድለት አለበት፤ ወታደሩ በእውነት ስንት እንደሚያገኝ እርሱም ሆነ ከፋዩ በትክክል ሊያውቁት አይችሉም። የማይታወቅን ነገር ደግሞ ከሌላ ጋራ ማነጻጸር አይቻልም። ስለዚህ በ1970 ዓ.ም. ደንብ ሁሉም በገንዘብ ተተመነና ባገባውና ባላገባው መካከል የነበረው ልዩነት ቀረ፤ ወታደሩም ለበላውና ላደረበት ከደመወዙ የሚከፍል ሆነ። በሰጡት እጅ መልሰው ወሰዱ የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ሒሳቡ በግልጽ የተጻፈው ከዚህ በኋላ ነው።

በ1971 ዓ.ም. ደግሞ እኛ በአማርኛ የጦር ኃይሎች ደመወዝ መርማሪ ጉባኤ የምንለው ተቋቋመ። አባሎቹ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ከኤኮኖሚ ዐዋቂዎች፣ ከሥራ አስተዳዳሪዎችና ከመሳሰሉት ይመረጣሉ፤ በሥራ ላይ ያለ ወታደር ግን አይገባባቸውም። በየዓመቱ መከላከያ ሚኒስቴርና የገንዘብ ሚኒስቴር ማስረጃቸውን በጽሑፍና በቃል ያቀርባሉ፤ የወታደር ቤተ ሰቦች ማኅበሮችም እንዲሁ። ከዚህ በቀር አባሎቹ ራሳቸው ወደ ጦር ሰፈሮችና ወደ መርከቦች ሄደው ወታደሮቹንና ሚስቶቻቸውን ያነጋግራሉ። ተራው ወታደር ያለ አድማ የሚናገርበት ቦታ ይህ በመሆኑ፣ ከሥራቸው ሁሉ ይህን ክፍል እጅግ እናደንቃለን። በመጨረሻ ሪፖርታቸውን ለጠቅላይ ሚኒስትሩና ለመከላከያ ሚኒስትሩ ያቀርባሉ፤ ሪፖርቱም ታትሞ ለሕዝብ ይወጣል። የጄኔራሎችና የአድሚራሎች ደመወዝ ግን የሚመረመረው በሌላ ጉባኤ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። በመጀመሪያ እያንዳንዱ የወታደር ሥራ በሚጠይቀው ዕውቀት፣ ኀላፊነትና ድካም ይመዘናል። ከዚያ በሲቪሉ ዓለም ክብደቱ ተመሳሳይ ከሆነ ሥራ ጋራ ይነጻጸራል። አንድ የታንክ መካኒክ አቻው በፋብሪካ የሚሠራ መካኒክ ሊሆን ይችላል። እግረኛ ወታደርን የሚመስል ሲቪል ግን ከየት ይገኛል? ስለዚህ የሚመዘነው የሥራው ዐይነት ሳይሆን የሥራው ክብደት ነው።

ሁለቱ እኩል ናቸው ከተባለ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። መካኒኩ ማታ ቤቱ ይገባል፤ ወታደሩ በማንኛውም ሰዓት ሂድ ሲባል ይሄዳል። መካኒኩ አለቃውን እንቢ ብሎ ሥራውን ሊለቅ ይችላል፤ ወታደሩ አይችልም። በየጊዜው ከቦታ ቦታ ስለሚዛወር ሚስቱ ቋሚ ሥራ ማግኘት ይቸግራታል፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ይቀያይራሉ። በላዩም የሞት አደጋ አለ። ለነዚህ ሁሉ በአንድነት የሚሰጠው ተጨማሪ ክፍያ ኤክስ ፋክተር ይባላል። በአልጀብራ ትምህርት ያልታወቀውን ቍጥር ኤክስ እንደምንለው ያለ ነው፤ ልዩነቱ ተማሪ ኤክስን ፈልጎ ያገኘዋል፣ ጉባኤው ግን በፍርድ ይወስነዋል። በ1970 ዓ.ም. ለወንዶች ከመቶ አምስት፣ ለሴቶች ከመቶ አንድ ነበር። ሴቶች ወደ ግንባር ስለማይዘምቱ ነው የሚል ምክንያት ይሰጥ ነበር፤ ሚስት ወይም እናት ሆና ከቦታ ቦታ መዛወር ለሴት ይቀላል ያለው ማን እንደ ሆነ ግን አልገባንም። ልዩነቱ ኋላ ቀርቷል። መጠኑም እያደገ ሄዶ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ 14.5 ሆነ፤ ለከፍተኛ መኰንኖች ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ለምሳሌ ያህል የአቻው ሲቪል ደመወዝ በዓመት 30,000 ፓውንድ ቢሆን፣ ኤክስ ፋክተሩ 4,350 ይሆንና ድምሩ 34,350 ፓውንድ ይደርሳል። በኤክስ ፋክተሩ ውስጥ የሚቈጠሩት ነገሮችም በየአምስት ዓመቱ አንድ በአንድ እንደ ገና ይመረመራሉ።

አበል የሚባለው ከዚህ የተለየ ነው፤ ሁለት ዐይነትም አለው። አንደኛው ልዩ ችሎታ ወይም ልዩ ድካም ላለበት ሥራ የሚከፈል ነው፤ አውሮፕላን ነጂ፣ ጠላቂ፣ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ሠራተኛ፣ በፓራሹት የሚዘል ወታደር ያገኙታል። ከቤተ ሰቡ ለብዙ ጊዜ የተለየም እንደ ቀኑ ብዛት ይከፈለዋል። እነዚህን ጉባኤው ይመረምራል። ሁለተኛው ወታደሩ በውጭ አገር በኑሮ ውድነት የሚያወጣውን የሚተካ ነው፤ እርሱ ዋጋ መተካት እንጂ ደመወዝ ስላልሆነ የሚወስነው መከላከያ ሚኒስቴር ራሱ ነው።

የሥርዐቱ ደካማ ጐን ጉባኤው የሚመክር እንጂ የሚያዝ አለመሆኑ ነው። መንግሥት ምክሩን ሊቀበል፣ ሊያዘገይ ወይም ሊከለክል ይችላል። በ1970ዎቹ ዓመቶች መንግሥት የደመወዝን ጭማሪ ሁሉ በጠቅላላ በመገደቡ የወታደሩ ደመወዝ ከሲቪሉ እጅግ ወደ ኋላ ቀረ። በኅዳር ወር 1977 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከመቶ ሠላሳ ይጨመርልን ብለው ሥራ ሲያቆሙ እሳት እንዲያጠፉ የታዘዙት ወታደሮች ነበሩ። ሥራ ማቆም የተከለከለው ሰው፣ ሥራ ያቆመውን ሰው ሥራ፣ ከእርሱ ባነሰ ደመወዝ ሠራ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤው ታላቅ ጭማሪ መከረ፤ መንግሥት ግን በየዓመቱ ከፋፍሎ ለመስጠት ወሰነ። በ1979 ዓ.ም. ሥልጣን የያዙት ሚስስ ታቸር ናቸው ሁሉንም በአንድ ጊዜ የከፈሉት። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም ከዝቅተኛ ደመወዝተኞች በቀር ለሁለት ዓመት ጭማሪ ተከልክሎ ነበር። በ2024 ዓ.ም. ከመቶ 6፣ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 4.5 እንዲጨመር ጉባኤው የመከረውን መንግሥት ተቀብሏል።

በአሜሪካ መንገዱ ሌላ ነው። በዚያ ሕጉ ራሱ የወታደሩን የየዓመቱን ጭማሪ በሲቪሉ ሠራተኛ ደመወዝ ዕድገት መለኪያ ላይ አስሮታል፤ ፕሬዚዳንቱ ወይም ምክር ቤቱ ሌላ ካልወሰኑ በስተቀር በዚያው ይሄዳል። በየአራት ዓመቱም ጠቅላላ ምርመራ ይደረጋል። ይህ በመልካም ፈቃድ ላይ ብቻ ያልተመሠረተ በመሆኑ ጥሩ ነው። ነገር ግን መለኪያ የሚያየው አማካዩን ነው፤ የትኛው ወታደር እንደ ተቸገረ አይነግርም። ስለዚህ በ2025 ዓ.ም. ለሁሉም ከተሰጠው ከመቶ 4.5 ሌላ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ለዝቅተኞቹ ማዕርጎች ከመቶ 10 ያህል ለብቻ እንዲጨመርላቸው ምክር ቤቱ በሕግ መደንገግ አስፈለገው። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብንባል፣ ምክሩ ሊከለከል የሚችል ቢሆንም ወደ ሰፈሩ ሄዶ የሚጠይቀውን ጉባኤ እንመርጣለን። ሚኒስትሩ ምክሩን ቢከለክል እንኳ፣ የከለከለው ስንት እንደ ሆነ በታተመው ሪፖርት ላይ ተጽፎ ይገኛል።