የድሬ እንግዶች በተማሪ ብዕር

ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ የጻፏቸው ቀጫጭን ጥራዞች ተደርድረዋል። ተማሪዎቹ «ሲኒየር ኤሴይ» ይሏቸዋል። ብዙዎቹ የተወለዱበትን አገር መርጠው፣ ሽማግሌ ጠይቀውና የማዘጋጃ ቤት ፋይል አገላብጠው የጻፏቸው ናቸው። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፉ በእንዲህ ያሉ ጥራዞች ተጠቅመዋል።

እንዲህ ያለ ጥናት እንደ ድሬ ዳዋ የሚያስፈልገው ከተማ የለም ባይ ነኝ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱና የመኑ ባቡሩን ተከትለው መጡ። ሰፈሮቹ ከዚራ ቀጥ ባሉት ጎዳናዎቿ፣ መጋላ በገበያዋ፣ የደቻቱን ወንዝ መሀል አድርገው አደጉ። ግሪክ ካምፕ የተባለው ሰፈር ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ የ1967ቱ አዋጆች ድርጅትና ትርፍ ቤት ሲወርሱ ግን ብዙዎቹ የውጭ ዜጎች አገር ለቀው ሄደዋል።

የየመኖቹ ታሪክ ተማሪን ይበልጥ የሚፈትን ይመስለኛል። ሱቅ ከፈቱ፣ ከአገሬው ተጋቡ፣ ልጆቻቸውም የሰፈሩ ልጆች ሆነው አደጉ። የንግድ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ ፋይሉ ስለ አባትየው ይናገራል፤ እናትየው ከየት እንደመጣች፣ ቤቱ ውስጥ በምን ቋንቋ ይወራ እንደነበር ግን ከልጅ ልጆቹ አፍ ካልተሰማ የትም አይገኝም። ሟቹ ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ የደሴ ማዘጋጃ ቤት ሰነዶች ስለ የመኖች ምን እንደያዙ ጽፈው አሳይተዋል። ዶክተር ሳምሶን በዛብህ የጅቡቲንና የኢትዮጵያን የመኖች ያጠኑበት መጽሐፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በካይሮ ታትሟል። ለድሬ ተማሪ ሁለቱም ጥሩ መነሻ ናቸው።

ከተማዋ የራሷ ዩኒቨርሲቲ ስላላት ተማሪው ከመጋላ ሽማግሌዎች የሚርቀው የባጃጅ መንገድ ያህል ብቻ ነው። መፍጠን ግን አለበት። በየቤቱ የተቀመጠ ወረቀትና ፎቶግራፍ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ፣ ሰውን ከነቤቱ የወሰደው የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ አሳይቶናል። የሚጻፈውም በእንግሊዝኛ ብቻ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ባይቀር፣ ባለታሪኮቹ ሊያነቡት የሚችሉት አጭር የአማርኛ ቅጂ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ቢሰጥ መልካም ነው።

የድሬ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ደብተር የያዘ ተማሪ በራችሁን ሲያንኳኳ አልበሙን አውጡለት፤ በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስምም ዛሬውኑ ከጀርባው ጻፉበት።