ስድስት ጣት ያላት ድመት

ባለፈው እሑድ የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ስልክ ይዛ መጣችና «እማማ፣ ይህቺ ድመት ጓንት አድርጋለች እንዴ?» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። የድመቷ የፊት እግር ሰፊ ነው። አብረን ቆጠርን፤ ስድስት ጣት አላት።

ድመት በተለምዶ 18 ጣት አላት፤ በእያንዳንዱ የፊት እግር 5፣ በእያንዳንዱ የኋላ እግር 4። አንዳንዶቹ ግን ትርፍ ጣት ይዘው ይወለዳሉ። በአሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ኪ ዌስት በምትባል ደሴት ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኖረበት ቤት በእነዚህ ድመቶች የታወቀ ነው። አንድ የመርከብ ካፒቴን ባለ ስድስት ጣት ነጭ ድመት ሰጥቶት እንደነበር ይነገራል። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ሲሆን በግቢው 60 ያህል ድመቶች አሉ፤ ከእነሱም ግማሽ ያህሉ ትርፍ ጣት ያላቸው ናቸው።

ነገሩ የዘር ነው። ፅንሱ ገና በማህፀን ሳለ የጣቶችን ቁጥር በሚቆጣጠረው ዘረመል ላይ ትንሽ ለውጥ ሲኖር ትርፍ ጣት ይበቅላል። ለውጡ ከአንደኛው ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይበቃል። ድመቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኞች ናቸው። መሬት የማይነካው ትርፍ ጥፍር ግን ስለማይበላ እየታጠፈ መዳፋቸውን ሊወጋ ይችላል፤ በየጊዜው መከርከም አለበት።

«ሰውስ?» አለች ልጅቷ። ሰውም አለ። በማዋለጃ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ አይቻለሁ፤ በአብዛኛው ከትንሿ ጣት አጠገብ የተንጠለጠለች ትንሽ ጣት ናት። የልጇን እጅ በነጠላዋ የምትሸፍን እናትም አጋጥማኛለች። ጥፋቱ የእናት አይደለም፤ እርግማንም አይደለም።

የማልረሳው ግን አንድ የአሥር ቀን ሕፃን ነው። አያቱ በፍቅር፣ «ትርፏ ትውደቅለት» ብለው ጣቷን በልብስ ስፌት ክር አስረውለት ነበር። ወደ እኛ ሲመጣ እጁ አብጦ፣ መግል ይዞ፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ይነድ ነበር። ከብዙ ቀን ሕክምና በኋላ ዳነ። አያቱ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ ዛሬም ይታዩኛል።

ስለዚህ እናቶችና አያቶች፣ ትርፍ ጣት ይዞ የተወለደ ሕፃን ካለ በቤት ውስጥ አትሰሩ፣ አትቁረጡ። ንጽሕና በጎደለው ክር ወይም ምላጭ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ መንጋጋ ቆልፍም ሊገባ ይችላል። አንዳንዷ ጣት በቆዳ ብቻ የተንጠለጠለች ናት፤ አንዳንዷ ግን አጥንትና መገጣጠሚያ ስላላት በቀዶ ሕክምና፣ ብዙ ጊዜም ልጁ ትንሽ ከፍ ካለ በኋላ ነው የምትወጣው። ይህን የሚለየው ባለሙያ ነው። አልፎ አልፎ ከሌላ የጤና ችግር ጋር ስለሚመጣም ሕፃኑ ሙሉ ምርመራ ቢደረግለት ጥሩ ነው።

ችግር ከሌለው ግን አይቸኮልም። ጣቷ ሕፃኑን አታስቸግረውም፤ ጡቱን እየጠባ ተራውን ይጠብቅ።