ምርምሩ ማሳ ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት ጠረጴዛ

ደብረ ሲና፦ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ዋሻ በኩል ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ ደጋውን ከይፋት ቆላ ጋር ያገናኛል። በ1999 ዓ.ም የተመሠረተው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ወደ ቆላው የሚወርዱት በዚሁ መንገድ ነው። አርሶ አደሩ በማሳው ላይ የሚያየው ተመራማሪውን ነው፤ ደብዳቤውን፣ ገንዘቡንና ቀኑን የሚያገጣጥመው የምርምር ቡድኑ የአስተዳደር ረዳት ግን ብዙ ጊዜ አይታይም።

ሥራው ምንድን ነው?

ረዳቱ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ ያዘጋጃል፤ ተሽከርካሪና ነዳጅ ይጠይቃል፤ የውሎ አበል ሰነድ ያሰናዳል። የተገዛው ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ መሆኑንም ይከታተላል። ከማሳ የመጣ የአፈር ናሙና ከየትኛው ቀበሌ፣ መቼ እንደተወሰደ በመዝገብ ካልሰፈረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ሰኔ 30 እና ክረምቱ

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታል። ሒሳብ የሚዘጋው ቆላው የክረምቱን ዝናብ በሚጠብቅበት ሰሞን ነው። ዘር ወይም ማዳበሪያ በፕሮፎርማ ለመግዛት የአቅራቢዎችን ዋጋ ሰብስቦ ማወዳደርና ማጽደቅ ያስፈልጋል። ጥያቄው በሰኔ ከተጀመረ ግዥው ከዘር ወቅት በኋላ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ረዳት የግዥ ጥያቄውን በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ያስጀምራል።

መዘግየቱ የቢሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዘግይቶ የተዘራ ማሽላ ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ እርጥበት ሊያጥረው ይችላል። ያን ጊዜ ዝርያው ደካማ ነው ተብሎ ይመዘገባል፤ ጥፋቱ ግን የወረቀቱ ነበር። መሬቱን የሰጠው አርሶ አደርም ወቅቱን ያጣል።

አርሶ አደሩ ምን ይጠይቅ?

የምርምር ቡድን ወደ ማሳዎ ሲመጣ አራት ነገሮችን መጠየቅ መብትዎ ነው፦

• የትብብር ደብዳቤው ለወረዳው ደርሷል?
• ዘሩና ማዳበሪያው የሚቀርበው መቼ ነው?
• ሙከራው ባይሳካ ምርቱና ጉዳቱ የማን ነው?
• ውጤቱ ተመልሶ የሚነገረን በየትኛው የመስክ በዓል ነው?

ለአረም ወይም ለአጨዳ የቀን ሥራ የሚከፈለው ገንዘብ ስም፣ የሥራ ቀንና የብር መጠን በተሞላበት ቅጽ ላይ በፊርማ ወይም በጣት አሻራ ይረጋገጣል። ባዶ ቅጽ ላይ መፈረም ሠራተኛውንም ረዳቱንም በኦዲት ጊዜ ለጥያቄ ያጋልጣል።

ቢሮ የሚሠራበት የቀን መቁጠሪያ ከአርሶ አደሩ የዘር ወቅት ጋር ሲገጥም ምርምሩ ማሳውን በጊዜው ያገኛል። ይህንን የማገጣጠም ኃላፊነት በአብዛኛው የሚያርፈው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።