ሥዕል ፎቶ ሲነሣ

ብዙ ሠዓሊ አንድ ሸራ ላይ ወራት ይፈጅና ፎቶውን በሁለት ደቂቃ፣ በስልኩ፣ ከነፍላሹ አንስቶ በቴሌግራም ይለቀዋል። ለገዢ የሚደርሰው መሐሉ ላይ ነጭ ብርሃን የፈሰሰበት፣ ላዩ ሰፍቶ ታቹ የጠበበ፣ ቀዩ ወደ ብርቱካን የሄደ ምስል ነው። ሥዕልን አስተካክሎ ማንሳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ትላልቅ ሙዚየሞች ለዚሁ ብቻ የተቀጠሩ ፎቶ አንሺዎች አሏቸው።

ዋናው ፈተና ነጸብራቅ ነው። የዘይት ቀለም፣ በተለይ ቫርኒሽ ከተቀባ፣ ያበራል። ብርሃን ደግሞ በመጣበት ማዕዘን ልክ ስለሚመለስ ከካሜራው አጠገብ የበራ ፍላሽ ቀጥ ብሎ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሁለት አንድ ዓይነት መብራቶች ከግራና ከቀኝ፣ በ45 ዲግሪ ግድም፣ ራቅ ተደርገው ይተከላሉ። መስኮቱ ይጋረዳል፤ የጣሪያው አምፖልም ይጠፋል፤ የተለያየ ቀለም ያለው ብርሃን ከተቀላቀለ ኋላ በኮምፒውተር ማጥራቱ አሳር ነው። መብራቶቹ እኩል መድረሳቸውን ለማየት መሣሪያ የግድ አይደለም። እርሳስ ጫፉን ወደ ሥዕሉ መሐል አዙሮ፣ ሳያስነኩ መያዝ ነው፤ በሁለቱም ጎን የሚወድቁት ጥላዎች በርዝመትም በጥቁረትም እኩል ከሆኑ ብርሃኑ ተመጣጥኗል።

ይህም ካልበቃ ነጸብራቅን የሚያግድ ማጣሪያ፣ ፖላራይዘር፣ አለ። መብራቶቹ ፊት ስስ የፖላራይዘር ፊልም ይጋረዳል፤ ሌንሱ ላይ ሌላ ይገጠምና ብልጭልጩ እስኪጠፋ ይዞራል። ግን ወርቅ የተቀባ ሥዕል በዚህ መንገድ ሲነሣ ወርቁ ጠቁሮ ቡናማ ይመስላል፤ የወፍራም ቀለም ጉብታም ሕይወት ያጣል። እኔ በበኩሌ ጥቂት ብልጭታ ቢቀር እመርጣለሁ፤ ዘይት ቀለም መሆኑ ይታወቃላ።

ካሜራው ከሥዕሉ ጋር ትይዩ ካልሆነ አራት ማዕዘኑ ይጣመማል። ሥዕሉ በሚሰቀልበት ቦታ፣ ግድግዳው ላይ፣ ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ይለጠፋል፤ ፎቶ አንሺው የራሱን ሌንስ በምስሉ መሐል ለመሐል ሲያይ ካሜራው ተስተካክሏል ማለት ነው። ሰፊ ሌንስ ጠርዝ ስለሚያጎብጥ ከ50 እስከ 100 ሚሊሜትር ያለው ይመረጣል።

ይኸው ሥራ እስከ የት እንደሚዘልቅ ያሳየው የአምስተርዳሙ ራይክስ ሙዚየም ነው። ሬምብራንት በ1642 እ.ኤ.አ. የሳለውን «የሌሊት ጥበቃ» ባለ 100 ሜጋፒክስል ካሜራ ይዘው፣ በአንድ ጊዜ 5.5 በ4.1 ሴንቲሜትር ብቻ እየሸፈኑ፣ 8,439 ጊዜ አነሡት። ተገጣጥሞ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ምስል 717 ጊጋፒክስል ነው፤ ከአንዱ ፒክስል እስከ ቀጣዩ ሥዕሉ ላይ ያለው ርቀት የአንድ ሚሊሜትር 200ኛ እጅ። ያን ያህል ተጠግቶ ፎከስ ላለመሳት የካሜራው ርቀት በሌዘር ይለካ ነበር። ለጥገና ባለሙያዎቹ የጠቀማቸውም ይኸው ቅርበት ነው፤ የቀለሙን ቅንጣት እያዩ እርጅናውን ይከታተላሉ።

ወደ ተራው ሥራ ስንመለስ፣ የቀለሙ ጉዳይ ባለ 24 ቀለም ካርድ ይጠይቃል። ካርዱ ከሥዕሉ አጠገብ ቆሞ አንድ ፎቶ ይነሣል፤ የቀሩት በእሱ ይታረማሉ፤ ለዚህም ፋይሉ በሮው (RAW)፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብረው በጥሬው፣ መቀመጥ አለበት። እንዲያም ሆኖ አንዳንድ ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ያስቸግራል። ያን ጊዜ ስክሪኑን ከሥዕሉ ከራሱ ጋር እያስተያዩ በዓይን ማረም ነው፤ ስለዚህ ፎቶው የሚነሣው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ፣ መስታወት ሳይገጠምለትና ገዢው ይዞት ሳይሄድ ነው።