ቁልፍ ሲሰማ የሚቅበጠበጥ ውሻ

የመኪና ቁልፍ ሲንኳኳ ዘሎ በሩ ላይ የሚቆም፣ ከተሳፈረ በኋላ ከወንበር ወንበር እየዘለለ መስኮት የሚቧጥጥና የሚጮህ ውሻ ባለቤቱን ያማርራል፤ የሹፌሩንም ሐሳብ ከመንገዱ ላይ ያናጥባል። ብዙዎቻችን ጥፋቱን በውሻው ላይ እንጥላለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይህን ጠባይ ሳናስበው ያስለመድነው እኛው ነን።

የ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ተሸላሚ የነበረው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ምግብ መምጣቱን የሚያበስር ድምፅ ደጋግመው የሰሙ ውሾች ምግቡን ገና ሳያዩ ለሃጭ እንደሚያዝረበርቡ አሳይቷል። ለውሻዎም የቁልፉ ድምፅ፣ የበሩ መከፈትና የሞተሩ መነሳት የሽርሽር ብሥራት ናቸው። እየጮኸ ይሳፈራል፤ እየጮኸ ይጓዛል፤ በመጨረሻም ሜዳ ላይ ይለቀቃል። በእሱ ስሌት ጩኸቱ ፍሬ አፍርቷል። እኛም ስንጮህበት ግርግሩ ይብሳል እንጂ አይበርድም።

ስለዚህ መፍትሔው የሚጀምረው ቤት ውስጥ ነው። ቁልፉን ያንሱና ሳይወጡ ቁጭ ይበሉ፤ ውሻው ድምፁን ችላ እስኪል ይደጋግሙት። ቀጥሎ በቆመ መኪና ውስጥ አብረውት ይቀመጡ፤ ሲረጋጋ ብቻ ትንሽ የሚወደውን ምግብ ያቅምሱት። ከዚያ ሞተር ያስነሱ፤ ከዚያም ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ይበሉ። አንዱ ደረጃ ሳይለመድ ወደ ሌላው አይለፉ። ሲደርሱም ዝም እስኪል በሩን አይክፈቱለት፤ ከምግቡ የሚበልጠው ሽልማት የበሩ መከፈት ነውና።

ሁሉም ጩኸት ግን የደስታ አይደለም። ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ደጋግሞ የሚያዛጋ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያስመልሰው ውሻ ፈርቶ አለዚያም ጉዞው አሞት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ውሻ ልክ ሊነሱ ሲሉ አያብሉት፤ ሐኪም ዘንድም ይውሰዱት። የሰው ማስታገሻ በራስ ውሳኔ መስጠት አደገኛ ነው።

ልምምዱ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ደህንነቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይጠበቅ። ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ አድርገው ከኋላ ወንበር ቀበቶ ጋር ያያይዙት፤ ወይም በማይንሸራተት ሳጥን ውስጥ ያስገቡት። በአንገቱ ከታሰረ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ሊጎዳ ይችላል። የብሪታንያ የትራፊክ ደንብም በቁጥር 57 ውሻ ሹፌሩን እንዳያውክ በአግባቡ እንዲያዝ ያሳስባል። መኪና ውስጥ ብቻውን ትተውት አይሂዱ፤ ውጭው 24 ዲግሪ ሲሆን የተዘጋ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ 34 ዲግሪ ገደማ ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ ቁጣውን ትተው በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ያለማምዱት፤ በሩንም ለዝምታው እንጂ ለጩኸቱ አይክፈቱለት።