ሲኒ አያረጅም፣ ይሰበራል

ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞር ጽሑፍ አለ። «በኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ እንኳ እየተጠገነ የሚያገለግል ዕቃ ተጠቅመው ከሚጥሉት ሁልጊዜ ይረክሳል» ይላል። የላከልኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ላይ ተጥዶ የሚያመሽ ልጅ። ጽሑፉን የጻፈው ሰው አንዲት ማካፈል እንኳ አልሞከረም። እኔና ልጁ ሞከርን።

ጨዋታውን ለማያውቅ፦ የእንግሊዙ ጃጌክስ በ2013 እ.ኤ.አ. የከፈተው፣ ተጫዋቹ ጭራቅ እየገደለ፣ ዓሣ እያጠመደ ያገኘውን ለሌላው የሚሸጥበት ዓለም ነው። ይኸው ይበቃል።

የሚጠገነው ዕቃ ባሮውስ የሚሉት ጥሩር ነው፤ ከስድስት ወንድማማቾች መቃብር ይገኛል። 15 ሰዓት ከተዋጉበት በኋላ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ላምብሪጅ ላይ ያለው ቦብ የራስ ቁሩን በ60,000፣ የደረቱን በ90,000፣ የእግሩን በ80,000፣ መሣሪያውን በ100,000 የወርቅ ሳንቲም ይጠግናል። በድምሩ 330,000፤ በሰዓት 22,000 ማለት ነው። ቤቱ የጥሩር መስቀያ ያለውና የአንጥረኝነት ደረጃው 99 የደረሰ ሰው ግን 49.5 በመቶ ይቀነስለታል፤ ለእሱ በሰዓት 11,110 ብቻ። የመግዣውን ዋጋ ያልቆጠርኩት ረስቼው አይደለም። ጠግኖ መሸጥ ስለሚቻል፣ የሚከስሩት ገበያው የወረደውን ያህልና የሽያጭ ግብሩን ነው።

(ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። እንዲህ ያለውን ዕቃ «ዳግም ተጠቃሚ» የሚሉ አሉ። ተጠቃሚውማ ሰውየው ነው! ዕቃው ምን ተጠቀመ?)

አሁን ወደ ፍላጻው እንምጣ። ጽሑፉ «የሚጣል» ብሎ ያለፈው ይህን ነው፤ እኔን የሚያስደስተኝም ይኸው ነው። አንድ ፍላጻ ሲወረወር 20 በመቶ የመሰበር ዕድል አለው፤ ካልተሰበረ ከመሬት ይለቀማል። አንዱን ለአምስት ያካፍሉታል፤ እያንዳንዱ ፍላጻ በአማካይ አምስት ጊዜ ይወረወራል። ታዲያ የሚጣል ነው የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

ዕቃ በሁለት መንገድ ያልቃል። ሻማ በየደቂቃው ያጥራል፤ ግማሹ ከነደደ የቀረው ግማሹ ነው። ሲኒ ግን እንዲህ አይደለም። አሥር ዓመት ቡና የተቀዳበት ሲኒና ትናንት ከመርካቶ የመጣው፣ ዛሬ ከእጅ ቢያመልጡ እኩል ናቸው። የቡና ሲኒ የሚያልቀው በእርጅና ሳይሆን በአጋጣሚ ነው። በጨዋታውም ሻማ አለ፦ 40 ነጥብ ጉዳት መልሶ የሚሰባበር ቀለበት። ጥሩሩም የሻማ ወገን ነው። ፍላጻው ግን ሲኒ ነው።

ልጁ እዚህ ላይ አቋረጠኝ። «ጋሼ፣ አሥር ጊዜ የተረፈው ፍላጻ ቀኑ ደርሷል ማለት ነው?»

አልደረሰም። ከመቶ ፍላጻ አሥር ውርወራ የሚያልፉት አሥራ አንድ ያህል ናቸው፤ እነዚያ አሥራ አንዱ ግን ዛሬ እንደተሠራ ፍላጻ አዲስ ናቸው። ያለፈውን የሚያስታውሱበት ቦታ የላቸውም።

አንዱን ፍላጻ ማንም አይተነብየውም፤ ብዛቱ ግን ይገራዋል። ፈጣኑ አጭር ቀስት በ1.8 ሴኮንድ አንዴ ይወረውራል፤ በሰዓት 2,000። ከዚህ ውስጥ 400 ያህሉ ይሰበራሉ፤ ከ360 በታች ወይም ከ440 በላይ የሚሆንበት ሰዓት ጥቂት ነው። የፍላጻው ዋጋ 50 ሳንቲም ነው ብንል በሰዓት 20,000 ይመጣል። የቦብ ሒሳብ 22,000 ነበር። ሁለቱ አንዱ ሌላውን እንደማይተካ አውቃለሁ፤ ግን «የሚጣለው» እና «የሚጠገነው» የሚያስወጡት ይህን ያህል ከተቀራረበ ስሙ ብቻውን ስለ ወጪው ምንም አልነገረንም።

ከዚህ በኋላ ያለው የራሴ ሙያ፣ የምጣኔ ሀብት፣ ክርክር ነውና ጠንቀቅ ልበል። ፍላጻ የሚመልስ የጀርባ ዕቃ አለ፤ 72 በመቶውን ወደ ኮሮጆው ይመልሳል፣ 8 በመቶው መሬት ይወድቃል፣ 20ው ይሰበራል። የወደቀውን 160 ፍላጻ መተው በሰዓት 8,000 ያስከፍላል። ልጁ በውጊያ በሰዓት 300,000 ያገኛል ብንል፣ መልቀሙ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ብዙም ካለፈ ኪሳራ ነው። ግን ለመዝናናት የተቀመጠ ሰው ጊዜው ዋጋ አለው ወይ? የሙያው ሰዎች እኛው በእኛው አልተስማማንም። ሰዓቱን ለሌላ ገቢ የማያውለው ከሆነ ሒሳቤ ይፈርሳል። «ፍላጻውን ራሴ ስለሠራሁት ነፃ ነው» የሚለው ግን በየትኛውም ወገን አይቆምም፤ የሚሸጥ ነገር ወርውሮ ሰብሮታል።

ልጁ ቁጥሩን ሁሉ ተቀብሎ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ጭራቁ ሲወድቅ አራት ፍላጻ መሬት ላይ ቀረ። አንድ በአንድ ለቀማቸው።

«አይከፍልህም ተባብለን የለም?» አልኩት።

«ዓይኔ እያየ ትቻቸው ልሂድ?»